እኔም የማልከፍተው ፋይል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት በኋላ

ማስታወሻዬ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ዕወቅ፦ ከዛሬ ጀምሮ የተቆለፍክ ነህ። እንደ ድሮው ደብተር አይደለህም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለህ ፋይል ነህ፤ የይለፍ ቃልህን የማያውቅ ሰው ቢከፍትህ የሚያገኘው የተደበላለቀ ምልክት ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ለአንተም አልነግርህም። አትቀየመኝ። የበሩን ቁልፍ በሩ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው የለም።

በአንተ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ድሮም አዲስ ትምህርት ክፍል ከመግባቴ በፊት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠርቼ አየው ነበር። መጀመሪያ አንተ፣ ቀጥሎ የዕድሩ ፋይሎች።

ነገሩ ከሰኞ ይጀምራል። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮዬ ዕድር ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈራችን ከዊንጌት ከፍ ይላል፤ ዕድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም እኩል ይሸኛል። አምና የአባላቱን መረጃ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የማን እናት፣ የማን አማት፣ ስልክ፣ የባንክ ሂሳብ፣ የሕመም ማስረጃ። አንድ ስም አልገደፍኩም። እኮራበት ነበር።

ስገባ ዘውዴ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ታነባለች። የራሷን ገጽ አይደለም። የሌላ ሰው።

እንዴት ከፈትሽው አልኳት።

«ኧረ የሺዬ! ፓስወርዱ ድስቱ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?»

እውነቷን ነው። የይለፍ ቃሉ የዕድሩ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ነበር። ሁለቱም ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ በቀይ ቀለም በየድስቱ፣ በየወንበሩ ጀርባ፣ በድንኳኑም ላይ ተጽፈዋል። እንዳልረሳው ብዬ የመረጥኩት እኔ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ!

መሣቅ አማረኝ፤ ግን ሣቁ ቶሎ ሞተብኝ። ዘውዴ ያነበበችው የአንዲት ጎረቤታችንን ገጽ ነው። ሴትዮዋ «እናት» ብላ ያስመዘገበቻት ያሳደገቻትን አክስቷን ነው። ደንባችን ይፈቅዳል፤ ለእኔ በምስጢር ነግራኝ ነው በማብራሪያው ላይ የጻፍኩት። ሲመሽ ነገሩ በአጥር ላይ ወጣ። «ለካ እናት የላትም!» ተባለ። ሴትዮዋ አለቀሰች። አምና ለእኔ የነገረችኝ ነገር በእኔ ድስት ወጣ።

ማክሰኞ ለራህማ ደወልኩላት። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት፤ አባቷ አዲሱ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያታለሁ። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ከሰርጎ ገብ ትጠብቃለች። ጥር ላይ ታገባለች፤ ስትናገር እንኳ ፊቷ ይበራል።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስተማረችኝን በራሴ አነጋገር ልጻፈው። የይለፍ ቃል ረጅም ይሁን እንጂ ብልጥ መሆን የለበትም። የልጅ ስም፣ የታቦት ቀን፣ ስልክ ቁጥር አይሆንም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ አራት አምስት ቃላት ደርድሮ ማስታወስ ይሻላል። በመሐል አንዱን ፊደል በቁጥር ብተካውስ ብዬ ጠየቅኋት፤ በሐሳቤ ተደስቼ ነበር።

«ቲቸር፣ ያንን እኮ ሌባውም ተምሯል።»

ምስጠራ የሚባለውንም አስረዳችኝ። ተራ ቁልፍ ሳጥኑን ይዘጋል፤ ሳጥኑ ከተሰበረ ዕቃው ያው ነው። ምስጠራ ግን ዕቃውን ራሱን ይለውጠዋል። ኮምፒውተሩ ተሰርቆ ቢወሰድ ሌባው የሚያነበው የለውም። ቁልፉ ሲገባ ብቻ ጽሑፉ ወደ ጽሑፍነቱ ይመለሳል። ሠርተሽ አሳዪኝ አልኳት። ሠርታ አሳየችኝ። ከዚያ እኔ ብቻዬን ሠራሁት፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ተመለከተች። አንድ ቦታ ስሳሳት ዝም አለች፤ ራሴ እንዳገኘው ጠበቀችኝ። ይህንን ዝምታ ከእኔ ነው የተማረችው። ማን እንደሆንኩ በተማሪዬ ፊት ላይ አየሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ፈተና ሰጠሁት። የተቆለፈውን ፋይል በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ፤ በእነሱ ኮምፒውተር ክፈቱልኝ አልኩ። ምልክት በምልክት ላይ። ባለ ፎቶ ኮፒው አዘነልኝ። እትዬ፣ ተበላሽቶብዎታል፣ ቫይረስ በልቶታል አለኝ። አልተበላሸም፣ ደህና ነው አልኩት። ግራ ገብቶት ሒሳብ ሳይቀበለኝ ሸኘኝ።

ቅጂውን ደግሞ በኢንተርኔት አስቀምጫለሁ፤ ዕድር ቤቱ እሳት ቢነሳበት እንኳ እንዲተርፍ። እዚያ ለመግባት የይለፍ ቃሉ ብቻ አይበቃም። የሊቀመንበራችን የጋሽ ደምሴ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥር ያስፈልጋል። የዕቃ ቤታችን በር ሁለት ጓጉንቸር አለው፤ አንዱ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ጋ፣ አንዱ ንብረት ክፍሉ ጋ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ሰሐን አይወጣም። ልክ እንደዚያ።

ለሙከራ ደወልኩላቸው። ታክሲ ውስጥ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ከኋላ ወንበር ይሰማል። ቁጥሩን እየጮኹ አነበቡልኝ። የመጨረሻዋን አሳስተው ነበር፤ አጠገባቸው ያለ ተሳፋሪ አረማቸው። በስልክ ሰማሁት!

ቁጥሩ ወዲያው ስለሚሞት ጉዳት የለውም። ቢሆንም ገሠጽኳቸው። «ታዲያ ሰው ምን ያደርግበታል እትዬ የሺ፣ ሎተሪ አይደል!» አሉ። ሰኞ ዕለት ከዚህ ያነሰ ነገር አንዲት ሴት እንዳስለቀሰ ነገርኳቸው።  እሺ፣ ሁለተኛ ከታክሲ ወርጄ ነው የማነብልዎ አሉኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከጁምዓ በኋላ

ጋሽ ሸምሱ ዕድር ቤት መጡ። ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ግቡ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ከኮታቸው ውስጥ የሐኪም ወረቀት አወጡ። ኩላሊታቸው ነው። ሁለቱም። እጥበት ሊጀምሩ ነው።

ደንባችን የሕመም ድጋፍ የሚፈልግ አባል ማስረጃውን አስቀድሞ ለጸሐፊው እንዲያስገባ ያዛል። ማስረጃውን የሚያየው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ ኮሚቴው የሚያየው የአባል ቁጥር ነው። ጋሽ ሸምሱ ደንቡን ሦስቴ አስደገሙኝ። ደገምኩላቸው።

ሰው ሁሉ ቢሰማ ግድ የለኝም አሉ። ራህማ እንዳትሰማ። ከሰማች ሁለት ነገር ታደርጋለች፦ ሠርጉን ታፈርሳለች፣ ኩላሊቷን ትሰጣለች። በአንድ ቀን። «ልጄን አውቃታለሁ እትዬ የሺ። አይደራደሯትም።» ሠርጉ ይለፍ፣ ቤቷ ትግባ፣ ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ አሉ።

የእኔ አስተያየት አልተጠየቀም፤ አልሰጠሁም። ወረቀቱን ስካን አደረግኩ። ዋናውን መለስኩላቸው። ፋይሉን ቆለፍኩ። ማን ይከፍተዋል አሉ። እኔ ብቻ አልኳቸው። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ሥራዬ አንድን ሰው እንዲህ ሲያሳርፍ ካየሁ ቆይቻለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱ አልታወቀኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ

እግሬ ያመኛል፤ ልቤ ግን ደህና ነው። አይደለም፤ ደህና አይደለም። በተራ ልጻፈው።

ጋሽ ደምሴ በድምፅ ማጉያው ስብሰባውን ከፈቱ። ሪፖርት አቀረብኩ። መረጃችሁ ተቆልፏል፣ የድስቱ የይለፍ ቃል ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል አልኩ። ሣቁ። ዘውዴም ሣቀች፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተት እያደረገች።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ማጉያውን አንሥተው፣ መልካም፣ እንግዲህ አዲሱን የይለፍ ቃል እትዬ የሺ ለጉባኤው ያሰሙልን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር አሉ።

አይሆንም አልኩ።

ድንኳኑ ተንጫጫ። ከአባል የሚደበቅ ምን አለ? ይህ ዕድር ነው ወይስ ቤተ መንግሥት? አንዱ ከኋላ፣ «ሬሳ ነው የምንቀብረው ወርቅ?» አለ። ሌላዋ፣ እኛ ሌባ ነን ማለት ነው ብላ ተነሣች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። በእኛ ዕድር ሁሉ ነገር በግልጽ ይነበባል፣ በግልጽ ይቆጠራል። በዚህ ነው የኖርነው። የተዘጋ ነገር የሚሸተን ለዚህ ነው።

እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ክፍል ሲጮህ አብሬ አልጮህም፤ እቆማለሁ። ጸጥ ሲሉ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ሰው በሌሊት ቢሞት፣ ለልጁ መርዶ የሚነገረው መቼ ነው?

«ሲነጋጋ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ማን ይነግራል? ሽማግሌ፤ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ማን ነው?

 ሁላችንም እናውቃለን፣ አልኳቸው። ድንኳን አውጥተናል፣ ወንበር ተሸክመናል፣ በሩን አልፈን ሄደናል። ልጁ ሰላም ሲለን ሰላም ብለነዋል። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ታዲያ ምስጢር መያዝ አናውቅም ያለው ማን ነው? ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ኮምፒውተሩን የቆለፍኩት ከእናንተ ልደብቅ አይደለም፤ እናንተ የምታውቁትን እሱም እንዲለምድ ነው።

 ከዚያ አንድ አዛውንት «እውነት ነው» አሉ። ሌላው ደገመ። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ማስታወሻዬ፣ እነዚህ ሰዎች የእኔ ናቸው። በእነሱ መኩራት ያምርብኛል።

ይሁን እንጂ ጋሽ ደምሴ ማጉያውን አስቀምጠው በባዶ ድምፃቸው ጠየቁኝ፦ «እሺ፤ እርስዎ ቢሞቱስ?»

ሌላ ቦታ ነውር ነው። ዕድር ውስጥ አጀንዳ ነው። ትክክለኛ ጥያቄም ነው፤ እኔ ከሄድኩ ቁልፉ አብሮኝ ይቀበራል። ራህማ ረቡዕ ዕለት አስጠንቅቃኝ ነበር። አንዱ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ አለ። ሌላው፣ ፖስታ አይሞትም፤ ግን ይከፈታል አለው። ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ ይመረጥ ተባለ።

ዘውዴ ተነሣች። «ምን ያጣላችኋል! ራህማ አለች አይደል? ተምራለች፣ ጨዋ ናት፣ ብታገባም አትርቅም፣ ዊንጌት ናት።»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ራህማ ሴቶቹ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። የሚቀጥለው እሑድ ረፋድ ቁልፉን ትረከብ ተባለ።

ያላጨበጨበ አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ሸምሱ እኔን ተመለከቱ፤ እኔ ወረቀቴን ተመለከትኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ሌላ ሰው ይመረጥ አልኳቸው። ምክንያት ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ፤ ማለት፣ የምናገረው የለኝም።

አዩኝ። ቀስ ብለው፣ እስላም ስለሆነች ነው እንዴ አሉ። ደም ወደ ፊቴ ወጣ። ሴት ስለሆነች? ስለምታገባ? አይደለም፣ አይደለም። ታዲያ ምን ይሁን? ጉባኤ የወሰነውን ያለ ምክንያት አላፈርስም፤ ምክንያት ካለ እሑድ ጉባኤው ፊት ያቅርቡ አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።

ዕድሜ ልኬን ለተማሪ፣ መንገዱን ያላሳየ መልስ ነጥብ የለውም ስል ኖሬአለሁ። ዛሬ መንገድ የሌለው መልስ ይዤ ሰው ደጅ ቆምኩ። ዜሮ ነው ያገኘሁት፤ የሚገባኝን።

ከሰ/በኋላ ምንም አልሠራሁም። ጎመን ዘሩን አጠጣሁ። ሁለት ጊዜ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የማያዋጡትን ለይቼ ልጣል። ፋይሉን ብሰርዘው፦ ጋሽ ሸምሱ ደንቡን አላሟሉም ማለት ነው፣ ድጋፍ ያጣሉ። ቤቴ ባስቀምጠው፦ የዕድር መረጃ ነው፣ የእኔ አይደለም። ራህማን አትክፈቺው ብላት፦ ልጅቱ አደራ አትበላም፤ ግን የአባቷን ስም አይታ ዕረፍት አታገኝም። ሰውን በሩን ከፍቶ አትይ ማለት ጭካኔ ነው። ለጋሽ ሸምሱ የገባሁት ቃል፣ እኔ ብቻ ነው የምከፍተው የሚል ነበር። ቃሌ አምስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ሊፈርስ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ማምሻውን

ራህማ መጣች። ጋሽ ደምሴ ሳይነግሯት አልቀሩም። ፍርሃቴ ይህ ነበር። ቁጭ በይ አልኳት፤ አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?»

ሰባተኛ ክፍል ሳለች እንኳ በዚህ ድምፅ ጠይቃኝ አታውቅም። ያኔ ሁሌም ልክ ነበረች። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ታዲያ ለምን አልፈለጉኝም አለች። አንቺን ከማንም አስበልጬ እፈልግሻለሁ አልኳት። እውነት ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ስለሆነ አፌ ላይ ከበደኝ።

ልብ ብላ አየችኝ። ሥራዋ ነው፤ የተዘጋ ነገር ሲያጋጥማት ከየት እንደተዘጋ ታያለች። በመጨረሻ ተቀመጠች።

ማየት የሌለብኝ ነገር አለ ማለት ነው አለች።

አልመለስኩም። አላስተባበልኩምም። መዋሸት አልችልበትም።

ሣቀች፤ ከዓይኗ ጥግ ጠረግ እያደረገች። በዚህ ነው እንዴ የተጨነቁት አለችኝ። መሥሪያ ቤታችን በየቀኑ የሚገጥመን ነው አለች። የሁሉን ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉን ማየት አለበት ያለው ማን ነው?

«ለብቻው ይቆልፉት ቲቸር። ቁልፉን የነገሩ ባለቤት ይያዘው፤ እርስዎም አይወቁት። ለእኔ የቀረውን ይስጡኝ።»

ማስታወሻዬ፣ ከአባቷ ምስጢር ራሷን የምታስወጣበትን በር ራሷ አሳየችኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው፤ ጠይቆ ማወቅ እየቻለ የተወ ሰው ግን ከእሱም ይበልጣል። አቅፌ ሸኘኋት። በሩ ላይ፣ ሠርጌ ላይ እንዳይቀሩ፣ ፊት ወንበር ነው የያዝኩልዎ አለችኝ።

እንዲህ ያለ ተማሪ በሕይወት አንዴ ከተገኘ ደመወዙ ተከፍሏል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ላፕቶፔንና ፍላሼን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለኩ ነው። ገርጥተዋል። ሴትየዋ ሜትሩን ትጎትታለች፤ እሳቸውም «እናቴ፣ ሜትሩ ላስቲክ አይደለም!» ይሏታል። ሣቀችና ከፈለች።

ስትሄድ ነገርኳቸው። እስካሁን ፋይልዎን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ከዛሬ በኋላ እርስዎ ብቻ። እኔም አልችል፣ ራህማም አትችል። ማስረጃው የሚያስፈልግ ቀን እርስዎ በእጅዎ ይከፍቱልኛል።

እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም አሉ። ማንም ነክቶ አልተወለደም አልኳቸው።

ማስተማር ጀመርኩ። ሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅል መሐል። ከአራት ቃል ያላነሰ። የራህማ ስም አይሆንም። የእናቷም። የሱቁም። ሰው ጠይቆ የሚደርስበት ማንኛውም ነገር አይሆንም። ታዲያ ምን ቀረ አሉ። የቀረው ሁሉ አልኳቸው። ግንባራቸውን አሻሹ፣ ጣራ ጣራ አዩ። ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ነገር አሰቡና ብቻቸውን ፈገግ አሉ።

አገኘሁ አሉ። ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፈቱ።

«እንዳይነግሩኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቱ ባለ ጫማ ሱቅ አንገቱን አስግጎ አየን።

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። የታክሲ ረዳቶቹ ፒያሳ፣ ፒያሳ ይላሉ። ከኋላዬ በአንድ ጣት ሲጽፉ እሰማለሁ። ጠቅ። ረጅም ዝምታ። ጠቅ። ብዙ ፈተና ጠብቄአለሁ፤ እንዲህ በደስታ ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ ሁለቱም ገጠሙ። ዘጋሁት። ክፈቱ አልኳቸው፤ ከፈቱ። ዝጉ፤ ዘጉ። ድገሙ። ድገሙ። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ትምህርት ቤት ስሄድ እርስዎ ቢያጋጥሙኝ ኖሮ ሱቅ አልከፍትም ነበር አሉኝ።

ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ። ቢረሱት የሚያድንዎ የለም፤ ፋይሉ ጠፋ ማለት ነው።

«በሽታውም አብሮት ቢጠፋ ጥሩ ነበር።»

ተሣሣቅን። ከዚያ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። ይህን መላ የሰጠችኝ ማን እንደሆነች ያውቃሉ አልኳቸው። የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሳትጠይቅ። መቀሱ እጃቸው ላይ ቆመ።  ጨርቁን አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። ሰላም ብዬ ወጣሁ።

ዕድር ቤት ገብቼ፣ ጋሽ ደምሴ ቁጥሩን አንብበውልኝ፣ አሮጌውን ቅጂ ከኮምፒውተሩም ከኢንተርኔቱም አጠፋሁ። አዲሱን አስገባሁ። ለመክፈት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። የእኔን የይለፍ ቃል፣ ያንን ቆንጆ የይለፍ ቃል ጻፍኩ፤ እምቢ። ሥራዬ እኔን ራሴን ከደጅ መለሰኝ። ማስታወሻዬ፣ በሠራሁት ነገር እንደዚህ ኮርቼ አላውቅም። ብቻዬን አጨበጨብኩ። አንዴ ብቻ፤ ዘበኛው ይሰማል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከቀኑ 9 ሰዓት

ለነገው ርክክብ ሁሉን ከመጀመሪያው ፈተሽኩ። የማልወደውን ነገር አገኘሁ።

ፋይሉ አይከፈትም። ስሙ ግን ይታያል። የሁሉም ፋይል ስም የአባሉ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቤት ቁጥሩን ያውቃል፤ ራህማም የቤታቸውን ታውቃለች። ነገ ዝርዝሩን ትከፍታለች። ከሁሉ መሐል አንድ ለብቻው የተቆለፈ ፋይል ታያለች፤ የአባቷን ቁጥር ታነባለች። ዕድር ቤት የተቆለፈ ሕመም እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሣጥኑን ቆልፌ ክዳኑ ላይ ስም ጽፌአለሁ። ሐሙስ ዕለት እያጨበጨብኩ!

ስሙን መለወጥ ቀላል ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ጣቴን አንሥቼ መለስኩት። ሐሙስ የሰጠኋቸው ቁልፍ ትርጉሙ ምንድን ነው? የፋይሉ ጌታ እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ስሙም የፋይሉ ነው። ምናልባት ከሐሙስ ወዲህ ሐሳባቸውን ለውጠው ይሆናል፤ ምናልባት ዛሬ ማታ ሊነግሯት ነው፤ ምናልባት አይደለም። ለእኔ ስሜት ከተተወ ይንገሯት እላለሁ። ትልቅ ሰው ናት። ግን የእኔ ስሜት እዚህ ድምፅ የለውም።

ሱቃቸው ሄድኩ። ዝግ ነው። ባለ ጫማ ሱቁ፣ ጋሽ ሸምሱ ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ ሄደዋል አለኝ። የት እንደሄዱ አውቃለሁ። በሐኪሙ ወረቀት ላይ እንዳነበብኩት የመጀመሪያው እጥበት ዛሬ ነው። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

በስልክ መልእክት ጻፍኩ። ሁሉን በግልጽ። ልልከው ስል አቆምኩ፤ ደቃቅ ጽሑፍ ስለማይታያቸው መልእክታቸውን የምታነብላቸው ራህማ ናት። በአንድ ጣት ሁሉን ላፈርሰው ነበር! አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ እሳቸው ብቻ እንዲገባቸው አድርጌ።

ውሳኔዬን እዚህ ላስፍር። ልለውጠው ካሉኝ እለውጠዋለሁ፤ ለራህማም አንድ ቃል አልተነፍስም። ራሴ እነግራታለሁ ካሉ አልነካውም። መልስ ካልመጣ ግን ነገ ቁልፉን አላስረክብም። ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ ምክንያት የለኝም፣ ጊዜ ስጡኝ እላለሁ። ጋሽ ደምሴ በማጉያቸው ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። ይበሉ።

የላክሁት ይህ ነው፦

«ጋሽ ሸምሱ፣ የሺ ነኝ። ሐሙስ ሱቅዎ የሠራነው ሥራ አንድ ነገር ጎድሎታል። ውስጡ ደህና ነው፤ ከላይ የተጻፈው ስም ግን ለሚያልፍ ሰው ይታያል። ልፋቀው ወይስ እንዳለ ልተወው? የመረጡትን አደርጋለሁ፤ ያለ እርስዎ ቃል ግን እጄን አላነሣም። ነገ ሳይረፍድ ማወቅ አለብኝ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።»